የባለሙያ ምላሽ፦ ለዒላማ ተኩስ የትኛው ባለ 22 ጠመንጃ?

ጥያቄው እንዲህ ይላል፦ «ጋሼ፣ የምጽፍልዎት ከአዳማ ነው። ታላቅ ወንድሜ አሜሪካ፣ ፔንሲልቬንያ ነው የሚኖረው። እዚያ የዒላማ ተኩስ ክለብ ገብቷል። በመጪው ጥቅምት ልጠይቀው እሄዳለሁ፣ የጉብኝት ቪዛውም ተመቶልኛል። ገንዘብ ልኬለት አንድ ጥሩ ባለ 22 ሪምፋየር ጠመንጃ እንዲገዛልኝ አስቤያለሁ። እሱ ሩገር 10/22 ይሻላል ባይ ነው፤ ሳትደክም ቶሎ ቶሎ ትተኩሳለህ ይለኛል። እኔ ደግሞ ስለ ሲ ዜድ 457 ብዙ ሰምቻለሁ። አፈሙዙ ረጅምና ወፍራም፣ መነጽሩም ትልቅ ቢሆን ደስ ይለኛል። የአዳማን ንፋስ ያውቁታል፣ ስለዚህ ጥይቱ ከሁሉም ፈጣኑ እንዲሆን እፈልጋለሁ። ስመለስ ይዤው መጥቼ ወደ ሶደሬ በኩል ባለን የቤተሰብ መሬት ላይ ልለማመድበት ነው። ጥይቷ ትንሽ ስለሆነች ማንንም አትጎዳም። እኔ አጠር ያልኩ ነኝ፣ ወንድሜ ግን ረጅም ነው፤ ይሄ ለውጥ ያመጣል? የትኛውን ልያዝ?»

መልሱን ላስቀድም፦ ሲ ዜድ 457። ግን ጠመንጃው ያንተ አይሆንም፣ ገንዘብም አትልክም፣ ሶደሬ መንገድ ላይም አይተኮስበትም።

ከገንዘቡ ልጀምር፣ ጉድ የሚሰራህ እሱ ስለሆነ። አሜሪካ ውስጥ ከሱቅ ጠመንጃ የሚገዛ ሰው ፎርም ይሞላል። ፎርሙ ትክክለኛው ገዢ አንተ ነህ ወይ ብሎ ይጠይቃል። ወንድምህ ባንተ ገንዘብ፣ ላንተ እየገዛ «አዎ» ብሎ ከፈረመ የፌዴራል ወንጀል ሰርቷል። ወንድሜ ነው፣ ቤተሰብ ነን ማለት እዚያ አይሰራም። ሁለተኛው ጣጣ ቪዛህ ነው። በጉብኝት ቪዛ የገባ የውጭ ዜጋ እዚያ አገር ጠመንጃም ሆነ ጥይት መያዝ አይፈቀድለትም። ክለቡ ሜዳ ላይ የወንድምህን ጠመንጃ ተቀብለህ ብትተኩስም መያዝ ነው የሚባለው፤ «ለአምስት ደቂቃ ብቻ» አያዋጣም። ሕጉ የተወሰኑ ልዩ ሁኔታዎች አሉት። ከነሱ በጣም የተለመደው ከአንዱ ስቴት የተሰጠ፣ ጊዜው ያላለፈበት የአደን ፈቃድ መያዝ ነው። ፈቃዱን ለማውጣት ኮርስ ልትጠየቅ ትችላለህ፣ ኮርስ ደግሞ ቀን ይበላል። ስለዚህ ወንድምህ አሁኑኑ ክለቡንም የስቴቱን የአደን መሥሪያ ቤትም ይጠይቅልህ። አውሮፕላን ከተሳፈርክ በኋላ ዋጋ የለውም።

ይዤው እመጣለሁ ያልከውን ተወው። ከአሜሪካ ጠመንጃ ለማስወጣት የዚያ አገር መንግሥት ፈቃድ ያስፈልጋል። እዚህ ደግሞ የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 አለ። ያለ ፈቃድ ማስገባትም መያዝም ወንጀል ነው። ፈታትተህ ሻንጣ ውስጥ ብትበትነው፣ የስፖርት ነው ብትል፣ ቦሌ ላይ የሚሰማህ የለም። እዚህ አገር በሕጋዊ መንገድ ለመያዝ ከፈለግህ መጀመሪያ ፖሊስ ጋ ሄደህ ምን እንደሚፈቀድ በጽሑፍ ጠይቅ። ዕቃው ሁልጊዜ ከወረቀቱ በኋላ ነው። የአየር ጠመንጃም ቢሆን ሳትጠይቅ እንዳትገዛ።

«ማንንም አትጎዳም» ያልከውን ደግሞ ጆሮ ዳባ ልበስ ብዬ አላልፈውም። የተለመደችው የባለ 22 ጠመንጃ ጥይት፣ 22 ሎንግ ራይፍል፣ 40 ግሬን፣ ማለትም 2.6 ግራም እርሳስ ታስወነጭፋለች። ከአፈሙዝ ስትወጣ ቀርፋፋ የሚባለው ዓይነት እንኳን በሰከንድ 325 ሜትር አካባቢ ይሄዳል። ሰው ትገድላለች። አፈሙዙ ወደ ላይ ቀና ብሎ ከተተኮሰ 2 ኪሎ ሜትር ገደማ ልትጓዝ ትችላለች። ከዚህ የባሰው መንጠሯ ነው። እርሳሱ ለስላሳ፣ ፍጥነቱም ዝቅ ያለ ስለሆነ ድንጋይ ወይም ደረቅ መሬት ሲነካ አይቀበርም፤ ነጥሮ ሌላ አቅጣጫ ይይዛል። አንተ ያልከው አካባቢ ድንጋዩ ብዙ ነው፣ እረኛ አለ፣ ከብት አለ፣ አዋሽ አለ። ውሃም ቢሆን ጥይት አያቆምም፣ ዝቅ ብሎ ሲመጣበት ያነጥረዋል። ሐዋሳ ያላችሁም ስሙ፦ ሐይቅ የጥይት ማቆሚያ አይደለም። ዒላማ የሚተኮሰው ከኋላው በቂ የአፈር ግድብ ባለበት፣ ለዚሁ ተብሎ በተፈቀደ ሜዳ ላይ ነው። በቃ።

አሁን ወደ ጠመንጃው።

ጠመንጃ ከመምረጥህ በፊት ጥይቷን እወቃት። የተተኮሰች ቀለሃ አንስተህ ከኋላ ብታያት መሃሏ ልሙጥ ነው። የመርፌው ምት ያለው ጠርዟ ላይ ነው። ጥፍርህን ብታስኬድበት ትንሽ ጎድጎድ ያለ ቦታ ላይ ያዝ ያደርግሃል። ባሩዱን የሚያቀጣጥለው ቅመም የተቀባው እዚያ፣ በታጠፈው ጠርዝ ውስጥ ነው፤ ሪምፋየር የምትባለውም ለዚህ ነው። ጠርዙ በመርፌው ተጨፍልቆ እንዲተኩስ ቀለሃው ስስ መሆን አለበት። ስስ ስለሆነ ብዙ ግፊት አይችልም። አንዴ ከተጨፈለቀ ደግሞ መልሰህ አትሞላውም። ጥይቷ ከ1887 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ያለች ብትሆንም ይሄ ባህሪዋ እስከ ዛሬ አልተለወጠም።

ይህን ያነሳሁት ያለ ምክንያት አይደለም። ቅመሙ በጠርዙ ዙሪያ እኩል ካልተዳረሰ፣ ወይም ባሩዱ ከአንዷ ጥይት ወደ ሌላዋ ትንሽ ከተለያየ፣ ፍጥነቷ ይዋዥቃል። ፍጥነቷ ከዋዠቀ ደግሞ የምታርፍበት ከፍታ ይዋዥቃል። ጠመንጃህ የቱንም ያህል ጎበዝ ቢሆን ይህን አያስተካክልልህም። ስለዚህ በሪምፋየር ዓለም ጥይቱ ነው ጌታው። ብዙ ሰው ኪሱን አራግፎ ጠመንጃ ይገዛና በተረፈችው ሳንቲም ርካሽ ጥይት ይገዛል። ከዚያ «ጠመንጃው አይሰበስብም»፣ ማለትም ጥይቶቹ ተቀራርበው አያርፉም፣ ብሎ ያማርራል። ግልብጥ ነው ነገሩ።

ሩገር 10/22ን አላጣጥልም። ከ1964 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ሲሰራ የኖረ፣ በሚሊዮን የሚቆጠር የተሸጠ፣ መለዋወጫው እንደ ልብ የሚገኝ ጠመንጃ ነው። 10 ጥይት የሚይዘው ክብ ካዝናው አስተማማኝ ነው። ቆርቆሮ እየመታህ ልትዝናና ከሆነ ደስ ይላል። ግን አንተ የጠየቅከኝ ስለ ወረቀት ዒላማ ነው፣ እዚያ ላይ ችግሩ ይወጣል። 10/22 ከፊል አውቶማቲክ ነው፤ ጥይቱ ራሱ በግፊቱ የኋላውን ብረት ገፍቶ ቀለሃውን ይተፋል፣ ሌላ ይጎርሳል። በደንብ እንዲጎርስ ከፋብሪካ ሲወጣ የጥይት መጉረሻው ሰፋ ተደርጎ ይሰራል። ሰፋ ያለ መጉረሻ ውስጥ ጥይቷ በየጊዜው በአንድ ዓይነት አቀማመጥ አትቀመጥም። የፋብሪካው ምላጭም ከባድ ነው። ይሄ ሁሉ ይስተካከላል፤ አፈሙዙን ትቀይራለህ፣ ምላጩን ትቀይራለህ፣ ሰደፉን ትቀይራለህ። ቀይረህ ስትጨርስ የሌላ ጠመንጃ ዋጋ አውጥተሃል።

ወንድምህ «ቶሎ ቶሎ ትተኩሳለህ» ያለው ነገር ደግሞ ለጀማሪ ጥቅም ሳይሆን ጠንቅ ነው። በእጅ የሚቀባበል ጠመንጃ ከእያንዳንዱ ጥይት በኋላ ያስቆምሃል። ቦልቱን፣ ማለትም የማቀባበያውን ብረት፣ ታነሳለህ፣ ትስባለህ፣ ቀለሃው ጠረጴዛው ላይ ኪል ብሎ ይወድቃል፣ ትገፋለህ፣ ትዘጋለህ። በዚያች ጊዜ ትከሻህ ይስተካከላል፣ ትንፋሽህ ይመለሳል፣ ያለፈችው ለምን ወደ ቀኝ እንደወጣች ታስባለህ። ከፊል አውቶማቲክ ላይ ይሄ ሁሉ የለም። ስህተቱን አስር ጊዜ በፍጥነት ትደግመውና ካዝናው ባዶ ይሆናል። ቆሻሻውንም አስብ። የ22 ጥይት ቅባት ወይም ሰም የተቀባች ናት፣ ስትነካት ጣትህ ላይ ይቀራል። ቅባቱ ከባሩድ ጥላሸት ጋር ሲደባለቅ የከፊል አውቶማቲክን ሆድ ዕቃ ያጨማልቀዋል። በእጅ የሚቀባበለውን ግን በጨርቅ ጠርገህ ትቀጥላለህ።

ከበርካታ በእጅ የሚቀባበሉ ጠመንጃዎች ለምን 457? ቼኮች ናቸው የሚሰሩት። የቀድሞው 452፣ ቀጥሎም 455 ጥሩ ስም ነበራቸው፣ 457 እነሱን ተክቶ የወጣው በ2019 (እ.ኤ.አ.) ነው። ቦልቱ 60 ዲግሪ ብቻ ከፍ ስለሚል መነጽሩ ስር እጅህ አይጋጭም። አፈሙዙ በመፍቻ ተፈትቶ ይቀየራል። ከሁሉም በላይ ግን ምላጩ ይስተካከላል።

ስለ ምላጭ ትንሽ ልቆይ፣ ሱቅ ውስጥ ማንም የማያስተውለው እሱን ነው። ጠመንጃው ባዶ መሆኑን በዓይንህም በጣትህም አረጋግጥ፣ ሻጩንም አስፈቅድ። አፈሙዙን ሰው ወደሌለበት አቅጣጫ አድርግ። ከዚያ የጣትህን የመጀመሪያ አንጓ ሥጋ ምላጩ ላይ አሳርፈህ ቀስ እያልክ ጫን። ጥሩ ምላጭ መጀመሪያ ምንም አይልም፤ ልክ ግድግዳ የገፋህ ይመስልሃል፣ ከዚያ ሳታስበው ጠቅ ይላል። መጥፎው ይንሸራተታል፣ ይንገጫገጫል፣ መቼ እንደሚለቅ አታውቅም። መቼ እንደሚለቅ ካላወቅህ ቶሎ ለመጨረስ ትጎትተዋለህ፣ ስትጎትተው ጠመንጃው ይዞራል። ብዙ ጀማሪ ዒላማውን የሚስተው በዚህ ነው። ክብደቱ 1 ኪሎ አካባቢ ቢሆን ለጀማሪም ለለመደም ይስማማል። ከዚያ በጣም ማቅለል አደጋ ነው፤ ሳትፈልገው ይተኩሳል። አንድ ጥንቃቄ፦ ሪምፋየርን ያለ ጥይት ደጋግሞ ማስጮህ አንዳንዱ ጠመንጃ ላይ መርፌው የመጉረሻውን ጠርዝ እንዲቀጠቅጥ ያደርገዋል። መመሪያው ይቻላል ካላለ በስተቀር የፕላስቲክ መለማመጃ ጥይት አስገባበት።

ቁመትህን ማንሳትህ ደግሞ ደግ አደረግህ። ሰዎች የማይጠይቁት ትልቁ ጥያቄ እሱ ነው። ጠመንጃ እንደ ጫማ ነው፤ የሌላ ሰው ቁጥር አድርገህ ሩቅ አትሄድም። ልኩን ለማየት ክንድህን በክርንህ እጠፈው። የሰደፉን ጫፍ ከክርንህ መታጠፊያ ውስጥ አስገባ። ጣትህ ሳይንጠራራ ምላጩ ላይ ካረፈ ተቀራርቧል። ካልደረሰ ሰደፉ ረዝሞብሃል፣ ስታነጣጥር አንገትህን እየዘረጋህ ትቸገራለህ። ሁለተኛው ልክ ጉንጭህ ነው። ዓይንህን ጨፍነህ ጠመንጃውን ወደ ትከሻህ አምጣና ጉንጭህን አሳርፍ፣ ከዚያ ዓይንህን ግለጥ። መነጽሩ ውስጥ ሙሉ ክብ ብርሃን ካየህ ተገጣጥማችኋል። ግማሽ ጨረቃ የመሰለ ጥላ ከታየህ ሰደፉ ዝቅ ወይም ከፍ ብሎብሃል። ለዚህ ነው ከ457 ውስጥ ቫርሚንት አት-ዋን የሚባለውን የምመርጥላችሁ። አዝራር ተጭነህ የሰደፉን ርዝመትም የጉንጩን ከፍታም ትቀይራለህ። ለረጅሙ ወንድምህም ለአንተም በአንድ ደቂቃ ይስተካከላል። ይሄኛው ከጠፋ ተራውን 457 ቫርሚንት ይግዛና ከሰደፉ በስተኋላ የሚገባ ማስረዘሚያ ጎማ ይጨምርበት፤ ሲያጥር ላንተ፣ ሲረዝም ለሱ።

ረጅም አፈሙዝ የሚለውን ፍልስፍና ግን ጣለው። በዚህች ጥይት ውስጥ ያለው ባሩድ ጥቂት ነው። ከ40 እስከ 45 ሴንቲ ሜትር ባለ አፈሙዝ ውስጥ ጉልበቱን ጨርሷል። ከዚያ በላይ ያለው ርዝመት ፍጥነት አይጨምርም፣ ጭራሽ በሰበቃ ትንሽ ሊቀንስ ይችላል። ርዝመት የሚጠቅመው ያለ መነጽር በብረት ማነጣጠሪያ ስትተኩስ ነው፤ የፊትና የኋላው ሲራራቁ ስህተትህ ቶሎ ይታይሃል። ውፍረቱ ደግሞ ጠመንጃውን ከባድ ያደርገዋል። ከባድ ጠመንጃ ጠረጴዛ ላይ አሳርፈህ ስትተኩስ አይንቀጠቀጥም፣ ያ ጥሩ ነው። ቆመህ ልተኩስ ካልክ ግን ከጥቂት ጥይት በኋላ ግራ ክንድህ እየዛለ ዒላማው ላይ ክብ መሥራት ትጀምራለህ። አንተ የምትጀምረው ከጠረጴዛ ነው፣ ስለዚህ ቫርሚንቱ ይሁን። ወፍራም ስለሆነ ብቻ ይሰበስባል ብለህ ግን አትመን።

ወደ ንፋሱ እንምጣ። አዳማ ዙሪያ ያሉት ሁለቱ የንፋስ ኃይል ማመንጫዎች በድምሩ 136 ተርባይን የተተከለባቸው ለጌጥ እንዳልሆነ አንተም ታውቃለህ። ግን «ፈጣን ጥይት ንፋስ አይነካውም» የሚለው አስተሳሰብ በዚህች ጥይት ላይ አይሰራም። እንዲያውም ተቃራኒው ነው። ምክንያቱ እንዲህ ነው። ድምፅ ሞቅ ባለ ቀን በሰከንድ 345 ሜትር አካባቢ ይጓዛል። መደበኛ ፍጥነት ያለው ጥይት 325 ገደማ ነው፤ ከመጀመሪያውም ከድምፅ በታች ስለሆነ ረጋ ብሎ ይሄዳል። ፈጣን የሚባለው በ380 አካባቢ ይወጣል። ከድምፅ ፍጥነት በላይ ሲሆን አየሩ በጣም ይጎትተዋል፣ 50 ሜትር አካባቢ ሲደርስ ትርፉን ፍጥነት አስረክቧል፣ የድምፅን ወሰን ቁልቁል ሲያልፍም ይናወጣል። ጥይትን ንፋስ የሚወስደው በአየር ላይ በቆየችበት ጊዜ ልክ ብቻ ቢመስልም እንደዚያ አይደለም፤ በመንገድ ላይ ባባከነችው ፍጥነት ልክ ነው። ፈጣኗ ብዙ ስለምታባክን በጎን ንፋስ 100 ሜትር ላይ ከቀርፋፋዋ የበለጠ ትወሰዳለች። ብዙ ሰው ይህን ሲሰማ ይከራከረኛል። ሁለቱን ጎን ለጎን ተኩሶ ወረቀቱን ሲያይ ዝም ይላል።

በቁጥር ካየነው፣ በሰከንድ 4.5 ሜትር የሚነፍስ፣ ልክ ከጎን የሚመጣ ንፋስ መደበኛዋን ጥይት 50 ሜትር ላይ 2 ሴንቲ ሜትር ከምናምን ይገፋታል። 100 ሜትር ላይ ወደ 9 ወይም 10 ሴንቲ ሜትር። አዳማን የመሰለ ከፍታ ላይ አየሩ ሳሳ ስለሚል ትንሽ ይቀንሳል፣ ተስፋ የሚጣልበት ግን አይደለም። በዓለም አቀፍ ውድድር የ50 ሜትር ዒላማ ላይ የ10 ነጥቧ ክብ ስፋት 10.4 ሚሊ ሜትር ነው። ስለዚህ ቅጠል በደንብ የሚያወዛውዝ ንፋስ ብቻውን የ10ሯን ስፋት ሁለት ጊዜ ያሻግርሃል። መውደቋንም አትርሳ፤ 50 ሜትር ላይ ልክ ያደረግከው ጠመንጃ 100 ሜትር ላይ 18 ወይም 20 ሴንቲ ሜትር ያህል ዝቅ ብሎ ይመታል። ለዚህ ነው ጀማሪን በ25 ሜትር አስጀምሬ ከ50 ሳላሳልፍ የማቆየው።

እንግዲህ ጥይቱን እንዴት ትመርጣለህ? በስም አይደለም። እያንዳንዱ አፈሙዝ የራሱ አመል አለው። ከአንድ ፋብሪካ፣ በአንድ ቀን የወጡ ሁለት 457ዎች የተለያየ ጥይት ሊወዱ ይችላሉ። ወንድምህ አራት ወይም አምስት ዓይነት መደበኛ ፍጥነት ያለው ጥይት፣ ባለ 50 አንድ አንድ ፓኬት ይግዛ። ሲ ሲ አይ ስታንዳርድ ቬሎሲቲ፣ ኤስ ኬ ስታንዳርድ ፕላስ፣ ኤስ ኬ ራይፍል ማች፣ አንድ የኤሌይ ዓይነት፣ አቅም ካለው አንድ የላፑዋ። ንፋስ ጋብ ባለ ማለዳ፣ ጠመንጃውን ከፊትም ከኋላም ከረጢት ላይ አስደግፎ፣ በ50 ሜትር። ዓይነት በቀየረ ቁጥር የመጀመሪያዎቹን አስር ጥይቶች ሌላ ወረቀት ላይ ይጨርሳቸው፤ የአዲሱ ጥይት ቅባት አፈሙዙን እስኪለብሰው ድረስ ውጤቱ አይታመንም። ከዚያ አምስት አምስት እየተኮሰ ቢያንስ አምስት ወረቀት ይሙላ። ሦስት ጥይት አንድ ቀዳዳ ውስጥ ገባ ብሎ ፎቶ መለጠፍ አጉል ነው፣ ዕድል ነው። ደህና 457 ከሚወደው ጥይት ጋር ሲገናኝ አምስቱ ቀዳዳዎች ሃምሳ ሳንቲም ስር ይደበቃሉ። ያ ሲገኝ ወንድምህ ሮጦ ፓኬቱ ላይ ያለውን የምርት ቁጥር ይይ፣ ያንኑ ቁጥር በካርቶን ይግዛ። ስሙ አንድ ሆኖ የምርት ቁጥሩ ሲለያይ ባህሪውም ይለያያል።

ሲ ሲ አይ ስቲንገርን የመሰሉ እጅግ ፈጣን ጥይቶች ይቅሩባችሁ። የስቲንገር ቀለሃ ከተለመደው ይረዝማል፣ ለውድድር ተብሎ ጠበብ ተደርጎ በተሰራ መጉረሻ ውስጥ አይገባም። ከ457ዎቹ እንዲህ ያለ ጠባብ፣ ማች የሚባል መጉረሻ ያላቸው አሉ፣ ከመግዛቱ በፊት ይጠይቅ።

መነጽር ላይ «ትልቅ» ብለህ አትግዛ። ዋናው ጥያቄ ለየትኛው ርቀት ነው የተስተካከለው የሚለው ነው። የትልልቅ ጠመንጃ መነጽር ብዙውን ጊዜ ለ100 ሜትር አካባቢ ነው የሚሰራው። በ25 ወይም 50 ሜትር ላይ ዓይንህን ትንሽ ስታንቀሳቅስ መነጽሩ ውስጥ ያለው የማነጣጠሪያ መስቀል ዒላማው ላይ ይንሸራሸራል። አንተ ተኩሱን ትወቅሳለህ፣ ጥፋቱ ግን የመነጽሩ ነው። ርቀቱን በቀለበት የምታስተካክልበት፣ እስከ 12 ጊዜ የሚያጎላ መነጽር ይበቃል። ከዚያ በላይ ሲያጎላ የልብ ምትህን ማየት ትጀምራለህ፣ እሱ ደግሞ ያስደነግጣል እንጂ አያስመታም። ማሰሪያውም ይታሰብበት፤ 457 ላይ ያለው ሐዲድ 11 ሚሊ ሜትር ነው፣ ሌላ ዓይነት ማሰሪያ አይገጥምለትም።

ሁለት ጥንቃቄ ልጨምር። ምላጭ ስበህ ጥይቱ ዝም ካለ ቦልቱን ወዲያው አትክፈት። አፈሙዙን ወደ ዒላማው እንዳደረግህ 30 ሰከንድ ጠብቅ፣ አንዳንዴ ዘግይቶ ይተኩሳል። ድምፁ ደከም ብሎ «ፑፍ» ካለ ደግሞ አቁም። እርሳሱ አፈሙዙ ውስጥ ቀርቶ ሊሆን ይችላል። ከኋላው ሌላ ከላክህ አፈሙዙ ያብጣል። ሁለተኛው እጅህ ነው። ጥይቷ እርሳስ ናት፣ ማቀጣጠያውም ባብዛኛው የእርሳስ ውህድ አለበት። ያ ሁሉ ጣትህ ላይ ይቀራል። እኛ ደግሞ በእጃችን ነው የምንበላው። ከተኩስ በኋላ በሳሙናና በቀዝቃዛ ውሃ በደንብ ሳትታጠብ እንጀራ እንዳትቆርስ፣ ልጅ እንዳታጎርስ። ልብስህንም ለብቻ እጠበው።

እስክትሄድ ድረስ አዳማ ላይ ያለ ጠመንጃ የምትማረው ነገር ብዙ ነው። ጠዋት ወጥተህ ንፋሱን እይ። ደጅህ ያለው የባሕር ዛፍ ቅጠል ስንት ሰከንድ ተወዛውዞ ያርፋል? መንገድ ማዶ ያለው አቧራ በዚያው አቅጣጫ ነው የሚሄደው ወይስ በሌላ? ተርባይኖቹ ወደየት ዞረዋል? ብዙ ጊዜ ሦስቱ አይስማሙም። ጎበዝ ተኳሽ የሚጠብቀው የሚስማሙባትን ቅጽበት ነው። አዳማ ያደገ ልጅ ይህን ከፔንሲልቬንያው ወንድሙ በተሻለ ሊያነብ ይገባል።

ስለ ሌሎቹ ባጭሩ። ቲካ ቲ1ኤክስ የፊንላንድ ነው፣ ከ457 ጋር እኩል አስቀምጠዋለሁ። ቦልቱ ይበልጥ ለስላሳ ነው፣ ሰደፉ ግን ፕላስቲክ ነው፣ እንደ አት-ዋኑ አይታዘዝም። ሳቬጅ ማርክ 2 ገንዘብ ካጠረ ጥሩ ነው፣ ምላጩ ከዋጋው በላይ ነው፣ አሠራሩ ግን ሻከር ይላል። የጀርመኑ አንሹትዝ ሌላ ደረጃ ነው፣ የውድድር ሰዎች የሚይዙት እሱን ነው። አዲሱን ለጀማሪ አልመክርም፣ ልዩነቱን እስክታየው ድረስ ረጅም ጊዜ ይፈጃል።

ያገለገለ አንሹትዝ በ457 ዋጋ ክለቡ ውስጥ የሚሸጥ ሰው ከተገኘ ግን ነገሩ ይለወጣል። የ22 አፈሙዝ በአግባቡ ከተያዘ አሥር ሺዎችን ተኩሶም አያልቅም፣ ስለዚህ «አሮጌ ነው» ብሎ መሸሽ የለበትም። ወንድምህ ቦልቱን አውጥቶ ከኋላ በኩል በብርሃን ይመልከተው። መጉረሻው ጠርዝ ላይ የመርፌ ጠባሳ ካለ፣ የአፈሙዙ ጫፍ ከተቀጠቀጠ፣ ወይም ውስጡ ዝገት የበላው ጉድጓድ ካለ ይተወው። እነዚህ ከሌሉ፣ ሰደፉም ለሁለታችሁ የሚስተካከል ከሆነ፣ ሻጩን ለምኖ በራሱ ጥይት አንድ ወረቀት ይተኩስበት። አምስቱ ከተሰበሰቡለት 457ቱን ትቶ እሱን ይግዛ።